ትንሿ ድሮን ከአትክልት ማሳ በላይ ትብረር፦ ለግብርና ሚኒስቴርና ለፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለግብርና ሚኒስቴር
ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር
ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጥያቄዬን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። ካሜራ ብቻ የያዘች ትንሽ ድሮን በአትክልት ማሳ ላይ ዝቅ ብላ እየበረረች ፎቶ እንድታነሳ የሚፈቅድ፣ አጭርና ግልጽ አሠራር ይውጣ። አሠራሩ መጀመሪያ በአንድ ወረዳ ይሞከር። ወረዳውንም እጠቁማለሁ። በምሥራቅ ሸዋ የዱግዳ ወረዳ፣ መቂና አካባቢዋ ይሁን።

የእርሻ ድሮን ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ኬሚካል የሚረጨውን ትልቁን ነው። እኔ የምጠይቀው እሱን አይደለም። እሱ ሌላ ጣጣ አለው። የኔ ጥያቄ ማየትን ብቻ የሚመለከት ነው። የሚረጨው ቦታ የት እንደሆነ ሳይታወቅ የመርጫውን ፍጥነት መጨመር ለገበሬውም ለአፈሩም አይበጅም።

ለምን ከአትክልት እንጀምር? አትክልት ጊዜ አይሰጥም። ሽንኩርት ችግኙ ከተተከለ በኋላ በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ተነቅሎ ገበያ ይወጣል። በዚህ አጭር ጊዜ አንድ ሳምንት ያለ ውኃ ቢያልፍ፣ ወይም በሽታ ሳይታይ አንድ ሳምንት ቢሰነብት፣ የጠፋውን መመለስ አይቻልም። ቲማቲምማ ይብሳል። ቱታ አብሶሉታ የሚባለውን ተባይ የመቂና የዝዋይ ገበሬ በስሙ ያውቀዋል። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። እኛ ጋ ከገባ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ትሉ ቅጠሉን ሰርስሮ ውስጥ ለውስጥ ስለሚበላ ከላይ የተረጨ ኬሚካል በቀላሉ አያገኘውም። ሙቀት ባለበት አካባቢ ከእንቁላል እስከ ቢራቢሮ ያለውን ዕድሜውን በአንድ ወር ገደማ ይጨርሳል። ስለዚህ በአንድ የቲማቲም ወቅት ብቻ ደጋግሞ ይራባል።

ገበሬው ማሳውን አያይም ወይ? ያያል። ግን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ዳር ዳሩን ነው። ቲማቲም በእንጨት ተደግፎ ቅጠሉ ከገጠመ በኋላ መሀል መግባት ቅርንጫፍ መስበር ነው። ሽንኩርትም ቢሆን ከዳር ቆመው ሲያዩት አንድ ዓይነት አረንጓዴ ይመስላል። ውኃ ያልደረሰው የትልሙ ጫፍ፣ ማዳበሪያ የሳተው መስመር፣ ችግኝ የሞተበት ክፍተት ሁሉ በዚያ አረንጓዴ ውስጥ ይደበቃል። የልማት ሠራተኛውስ? በአንድ ቀበሌ ሦስት ሰው ይመደባል፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። የሰብሉ ባለሙያ በመቶዎች የሚቆጠር አባወራ ይጠብቀዋል። በእግሩ ነው የሚሄደው። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ገበሬው ራሱ «ማሳዬ ተበላሸ» ብሎ ሲጠራው ነው።

ያኔ ገበሬው ምን ያደርጋል? ሁሉንም ይረጫል። ችግሩ አንድ ጥግ ላይ ቢሆንም ሙሉ ማሳውን ይረጫል። ቀን ቆጥሮ ይረጫል። ሁለት ሦስት ዓይነት ቀላቅሎ ይረጫል። ጭምብልና ጓንት ሳያደርግ፣ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ይረጫል። ወጪው የእሱ ነው፤ ሳንባው የእሱ ነው። ታጥቦ የሚወርደው ደግሞ ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚሄድ ነው። ከዚሁ ሐይቅ ዓሣ እንበላለን፤ ከዚሁ ሐይቅ መልሰን ቲማቲሙን እናጠጣለን። ለኔ የድሮኗ ጉዳይ ዋናው እዚህ ላይ ነው። ምርት ይጨምራል የሚለውን ብዙ ሰው ይናገረዋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሳያስፈልግ የሚረጨው መርዝ ነው።

አሠራሩን ልግለጽ፤ እንደሚወራው ውስብስብ አይደለም። ድሮኗ በተሰመረላት መንገድ ማሳውን እየተመላለሰች ከላይ ቁልቁል ፎቶ ታነሳለች። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ወደ ሰባ አምስትና ሰማንያ ከመቶ ይደራረባል። ከዚያ ሶፍትዌር ፎቶዎቹን ሰፍቶ አንድ ትልቅ ካርታ ያደርጋቸዋል። ኦፕንድሮንማፕና ኪውጂአይኤስን የመሳሰሉ ነፃ ሶፍትዌሮች ስላሉ ለዚህ ሥራ የግድ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም። ከሠላሳ ሜትር ገደማ ከፍታ ሲነሳ በካርታው ላይ ያለች አንዲት ነጥብ መሬት ላይ አንድ ሴንቲሜትር አካባቢ ናት። አንድ ጥቅል ጎመን በካርታው ላይ ለብቻው ይታያል። ሊቆጠርም ይችላል። ፎቶዎቹ ስለሚደራረቡ የተክሉን ቁመት ጭምር መገመት ይቻላል።

ቁም ነገሩ ግን አንድ ጊዜ ማንሳቱ አይደለም። በየሳምንቱ በተቀራራቢ ሰዓት ያንኑ ማሳ መድገም ነው። ያኔ እድገት ይታያል። ከመሬቱ ምን ያህሉን ቅጠል እንደሸፈነው በየሳምንቱ ይለካል። አንዱ መደብ ሲያድግ ጎረቤቱ ቆሞ ከቀረ፣ ምክንያቱን ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ስምጥ ሸለቆ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል። ጠዋት በጣም ማልዶ ከሆነ ደግሞ ጥላው ይረዝምና ፎቶውን ያበላሸዋል። ከረፋዱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል።

ከዚህ ተራ ካሜራ በላይ መልቲስፔክትራል የሚባል አለ። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ምግቡን ለመሥራት ይውጠዋል። ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ደግሞ በብዛት መልሶ ያንጸባርቀዋል። ተክሉ ሲጨነቅ ይህ ሚዛን ይዛባል። ከኢንፍራሬዱ ቀዩን ቀንሶ፣ ለሁለቱ ድምር ሲያካፍሉት ኤንዲቪአይ የሚባለው፣ የቅጠሉን ብዛትና ጤንነት የሚጠቁም ቁጥር ይገኛል። በዚህ ካሜራ ከሚታወቁት ድሮኖች አንዷ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣችው ዲጄአይ ማቪክ 3 መልቲስፔክትራል ናት። አራት የብርሃን ዓይነቶችን ለየብቻ የሚቀርጹ ሌንሶችና አንድ ተራ ካሜራ አላት።

ግን ለመጀመሪያው ሙከራ ይህን አልጠይቅም። ሽንኩርት ቅጠሉ ቀጭን ነው። ገና ልጅ እያለ ከላይ የሚታየው አብዛኛው ነገር ባዶ አፈር ስለሆነ ኤንዲቪአይው ስለ ተክሉ ሳይሆን ስለ አፈሩ ያወራል። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ሲል ደግሞ ቁጥሩ ጣሪያ ላይ ይደርስና ልዩነት ማሳየት ያቆማል። ተራ የቀለም ካሜራ ለጅምሩ ይበቃል። የትልሙ መግቢያ ውኃ ጠግቦ መጨረሻው ሲደርቅ በተራ ፎቶም ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሞቱ ችግኞች ክፍተትም እንዲሁ። ይሄ በተተከለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከታየ ገበሬው በተረፈው ችግኝ ይሞላዋል። ዘግይቶ ከታየ ግን የተሞላው ከቀድሞው እኩል አይደርስም። በስምጥ ሸለቆ እዚህም እዚያም የሚታየው የጨው ነጭ ነጠብጣብም ከላይ አይደበቅም።

ድሮኗ የማትችለውንም በግልጽ መናገር አለብኝ። የሽንኩርት ቅጠል የሚመጠውን ትሪፕስ የሚባል ደቃቅ ተባይ አታይም። የቱታን እንቁላል አታይም። ቢጫ የሆነ ቅጠል ያሳየችን እንደሆነ፣ ምክንያቱ የናይትሮጅን እጥረት ይሁን፣ ውኃ መብዛት ይሁን፣ የሥር በሽታ ይሁን አትለይም። ቴርሞሜትር ትኩሳት መኖሩን ይናገራል እንጂ ወባ ይሁን ታይፎይድ አይልም፤ እሷም እንደዚያው ናት። የምትነግረን የት ሄደን መንበርከክ እንዳለብን ነው። ቅጠሉን ገልብጦ የሚያየው ሰው ነው። ስለዚህ ይሄ ቴክኖሎጂ የልማት ሠራተኛውን ሥራ የሚያስቀር አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከሚዞር ይልቅ ካርታውን ይዞ ወደ ታመሙት አምስት ቦታዎች በቀጥታ እንዲሄድ ያደርገዋል።

«ሳተላይት አለን፤ ድሮን ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ስትመጠቅ ከዓላማዎቿ አንዱ ግብርና ነበር። የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶችም በአምስት ቀን አንዴ እየተመለሱ ያነሱትን ፎቶ በነፃ ይሰጣሉ። በበጋ ሰማያችን ጥርት ስለሚል ለስንዴ ክላስተር ይሄ ትልቅ ሀብት ነው። የሴንቲኔል-2 አንዲት ነጥብ ግን አሥር ሜትር በአሥር ሜትር ናት። ሩብ ሔክታር ማሳ ማለት ሃያ አምስት ነጥብ ብቻ ነው። ከእነሱም የዳር ዳሮቹ የጎረቤትን ጎመንና የቦዩን ሣር ቀላቅለው ይይዛሉ። አብዛኛው ገበሬያችን ከአንድ ሔክታር በታች ነው ያለው። እዚያች ላይም ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ጎን ለጎን ይተክላል። ሳተላይቱ የወረዳውን መልክ ያሳያል። የአንዱን ገበሬ መደብ ለማየት ዝቅ ማለት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በአገራችን ድሮን ከጦርነት ጋር ተያይዞ ነው የሚታወቀው። ባለፉት ዓመታት በሰማይ ድምፅ ሲሰማ ልጁን ይዞ የሮጠ ሰው ብዙ ነው። የሞተበት ሰው አለ። ይህን ፍርሃት «አላዋቂነት» ብሎ ማለፍ ነውር ነው። መቂን ያቀረብኩበት አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው። ሰው ሰማይ ሰማይ እያየ በሚሰጋበት አካባቢ ይህን ሥራ መጀመር የለብንም። በተረጋጋ ቦታም ቢሆን ያለ ማስታወቂያ አንዲትም ድሮን መነሳት የለባትም። ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ ለቀበሌው ይነገር። በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ይነገር። በመጀመሪያው ቀን ገበሬዎች፣ ሴቶችና አረጋውያን ተጠርተው በእጃቸው ይያዟት። ከላይ የተነሳውን ማሳቸውን እዚያው ያዩታል። «በረራው ይቅርብኝ» ያለ ሰው ካለ ማሳው ይዘለላል።

የጸጥታ ሥጋታችሁም ይገባኛል። ሰማይ ላይ ካሜራ የያዘ ነገር ማን እንደሚያበረው መንግሥት ማወቅ አለበት። እኔ ቁጥጥሩ ይነሳ አልልም። የምለው ለአንድ ወቅት የሚሆን ፈቃድ ይኑር ነው። ዛሬ ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩም ከአንድ በላይ መሥሪያ ቤት ይነካል። ሽንኩርት ደግሞ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ እስኪዞር ቆሞ አይጠብቅም። ድሮኗ በመለያ ቁጥሯ ትመዝገብ። አብራሪው ሠልጥኖ በስሙ ይመዝገብ። የበረራው ክልል በካርታ ይከለል። ከፍታው ከሃምሳ ሜትር አይለፍ። ከመኖሪያ ቤት፣ ከመንገድና ከመሠረተ ልማት ይራቅ። ከሐይቁ ዳርም ይራቅ፤ ዝዋይ የፔሊካንና የብዙ ወፍ ቤት ነው፤ ወፎቹን ማወክም ከነሱ ጋር መጋጨትም አንፈልግም። እያንዳንዱ በረራ ይመዝገብ፤ መዝገቡም በማንኛውም ጊዜ ለእናንተ ክፍት ይሁን። ይህ ሁሉ ከተሟላ ሦስታችሁም በአንድ መስኮት ተስማምታችሁ፣ በአንድ ማመልከቻ የአንድ ወቅት ፈቃድ መስጠት ትችላላችሁ።

ሌላው የሚያስጨንቀኝ ፎቶው የማን ነው የሚለው ነው። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። መቂ አካባቢ ብዙው አትክልት የሚመረተው በኪራይ ወይም በእኩል በተያዘ መሬት ላይ ነው። መሬቱ የአንዱ፣ ሽንኩርቱ የሌላው ይሆናል። የኔ ሐሳብ የሰብሉ ፎቶ የተካዩ ነው የሚል ነው። ለድንበር ክርክር፣ ለግብር ግምት ወይም ለሌላ ምርመራ እንደማይውል በጽሑፍ ይታወቅ። ካልታወቀ ገበሬው «ሊቆጥሩኝ ነው የመጡት» ብሎ በሩን ይዘጋል። እውነቱን ነው።

ደላላውም አለ። በየትኛው ማሳ ላይ ስንት ኩንታል ሽንኩርት እንደደረሰና መቼ መነቀል እንዳለበት የሚያሳይ ካርታ በደላላ እጅ ከገባ፣ ገበሬው ድርድሩን የሚጀምረው ተሸንፎ ነው። ነገ ካልነቀለ እንደሚበሰብስበት ገዢው አስቀድሞ ያውቃላ! የአንድ ማሳ ካርታ ለተካዩና ለልማት ሠራተኛው ብቻ ይድረስ። ለወረዳውና ለክልሉ የሚሄደው የቀበሌ ድምር ይሁን፤ በዚህ ሳምንት ይህን ያህል ሔክታር ሽንኩርት፣ ይህን ያህል ቲማቲም ተተክሏል የሚል። ይህ ድምር በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉም በአንድ ሳምንት ቲማቲም ተክሎ፣ በአንድ ሳምንት አንስቶ፣ ዋጋው ወድቆ ማሳ ላይ ሲበሰብስ ስንቴ አየን? ከሁለት ወር በፊት ቢታወቅ ቢያንስ ቀጣዩ ተካይ ሐሳቡን ይቀይራል። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ለማሳ ፎቶ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ ከእሱ ተነስቶ መጻፍ ይቻላል።

ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ቀድመውናል። ማላዊ በ2017 እ.ኤ.አ. ካሱንጉ ላይ ለሙከራ የሚሆን የአየር ክልል ከዩኒሴፍ ጋር ከፍታለች። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሊሎንግዌ ውስጥ የአፍሪካ የድሮንና የዳታ አካዳሚ ሥራ ጀመረ። ሩዋንዳ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድሮን ደም ወደ ሆስፒታሎች ትልካለች። የአፍሪካ ኅብረት የሥራ አስፈጻሚ ምክር ቤትም በጥር 2018 እ.ኤ.አ. አባል አገሮች ድሮንን ለግብርና እንዲጠቀሙበት የሚያበረታታ ውሳኔ አሳልፏል። ስብሰባው የተካሄደው እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

መቂን የመረጥኩት ሌላም ምክንያት ስላለ ነው። አደረጃጀቱ አለ። የመቂ-ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን አለ። አንድ ገበሬ ድሮን ይግዛ ማለት ቀልድ ነው፤ አንድ ዩኒየን ግን አንዲት ድሮን፣ ጥቂት መለዋወጫ ባትሪና አንድ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ይዞ ብዙ ማሳ ሊያገለግል ይችላል። ቅርቡ ላይ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። አዳማ ቀይን የመሰሉ የሽንኩርት ዝርያዎች የወጡት ከዚያ ነው። የማዕከሉ ባለሙያዎች ካርታው «እዚህ ችግር አለ» ያለበት ቦታ ድረስ ወርደው ምክንያቱን ቢያረጋግጡ፣ በሁለትና ሦስት ወቅት ውስጥ ከላይ የሚታየው ምልክትና መሬት ያለው ችግር እንዴት እንደሚገናኝ የራሳችን ዕውቀት ይኖረናል። ከውጭ የመጣ ቀመር የመቂን አፈርና የመቂን ትልም አያውቅም።

ውጤቱ ለገበሬው የሚደርስበት መንገድም ይታሰብበት። ባለቀለም ካርታ በስልክ መላክ ብቻውን አይበቃም። ስማርት ስልክ የሌለው ብዙ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የ8028 የግብርና ምክር መስመር ገበሬ ድምፅ ሰምቶ ምክር እንደሚወስድ አሳይቷል። «ከምሥራቅ በኩል ያሉት ሦስት ትልሞች ውኃ አልደረሳቸውም» የሚል አጭር መልእክት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በድምፅ ቢደርሰው ከማንኛውም ካርታ በላይ ይጠቅመዋል። በሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ጊዜ ደግሞ ገበሬው ከላይ በተነሳ ምስል ላይ የራሱን ማሳ በጣቱ አሳይቷል። ስለዚህ ካርታ ማንበብ አይችልም አትበሉት።

ከእናንተ የምጠብቀው ይህ ነው። ግብርና ሚኒስቴር ሙከራውን በባለቤትነት ይያዝ፤ የልማት ሠራተኞችንም ያሠልጥን። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርና ሲቪል አቪዬሽን የወቅት ፈቃዱን መልክ አውጥታችሁ፣ የመልስ ቀኑን ወስናችሁ ለሕዝብ አሳውቁ። ስኬቱን በበረራ ብዛት አትለኩት። የተሳተፈው ገበሬ በወቅቱ ስንት ጊዜ እንደረጨ፣ ለኬሚካል ስንት እንዳወጣና ምን ያህል ምርት እንዳነሳ፣ ካልተሳተፈው ጎረቤቱ ጋር አነጻጽሩ። ልዩነት ከሌለ ውጤቱ ይታተምና ሙከራው ይቁም። ካለ ወደ ቆጋና ወደ ሌሎቹ የመስኖ አካባቢዎች ይስፋ።

የበጋው መስኖ ተከላ ከጥቅምት በኋላ ይጀምራል። ችግኙ ከመደብ ሳይነሳ ፈቃዱ እጃችን ላይ መኖር አለበት። ማሳውን ማንሳት ያለብን ከተተከለበት ሳምንት ጀምሮ ነውና መልሳችሁ ከመስከረም እንዳያልፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
በአትክልት ልማት ላይ የሚሠራ የአግሮኖሚ ባለሙያ